ከደላላው በፊት ለተከራዩ

ሰው የሚኖርበትን ቤት መሸጥ ባዶ ቤት ከመሸጥ የተለየ ሥራ ነው። በባዶው ቤት ሽያጭ ሻጭና ገዥ ከተስማሙ ነገሩ አለቀ። ሰው ባለበት ቤት ግን ውል ያለው፣ ቁልፍ የያዘ፣ ልጆቹን በአካባቢው ትምህርት ቤት ያስገባ ሦስተኛ ሰው አለ። የሽያጩ ወረቀት ላይ አይፈርምም፤ ሽያጩ በሰላም ማለቁ ግን ከፈራሚዎቹ ባልተናነሰ በእሱ እጅ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ከሻጩ ቤተሰብ ቀጥሎ መስማት ያለበት ሰው ተከራዩ ነው፤ ደላላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገርጂ ወይም ላፍቶ ያለ አንድ ግቢ እናስብ። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ በኩል በተርታ የተሠሩ አራት ሰርቪስ ቤቶች። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ኪራዩን የሚሰበስበው በውክልና ወንድሙ ነው። ዋናው ቤት ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ የጽሑፍ ውል አለው። ሰርቪሶቹ ውስጥ ያሉት ተከራዮች ግን የገቡት በቃል ነው፤ አንዷ ገና በገባች ሰሞን የስድስት ወር ኪራይ ቀድማ ከፍላለች። ባለቤቱ ለመሸጥ ይወስንና ለወንድሙ ይደውላል። ወንድም ለደላላ ይነግራል። ደላላው በማግስቱ ሁለት ሰዎች ይዞ ይመጣና በር ያንኳኳል፤ «ቤቱን ልናድሰው ስለሆነ መሐንዲስ ይዤ ነው» ይላል። ተከራዮቹ እውነቱን የሚሰሙት ከሰፈሩ ሱቅ ነው፤ ዋጋው እንኳ እዚያ ተነግሮ አልቋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ዋናው ቤት ያለው ቤተሰብ ደላላውን አላስገባም ይላል። ቀድማ የከፈለችው ተከራይ ገንዘቧ የት እንደሚገባ ስታስብ እንቅልፍ ታጣለች። ሌላው «ነገ ለሚያስወጣኝ ሰው ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ኪራይ ያቆማል። ገዥ ሊሆን የመጣው ሰው የተኮሳተረ ፊትና የተዘጋ ክፍል አይቶ ይመለሳል፤ ወይም «ሰዎቹን አስወጥታችሁ ጥሩኝ» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ሻጩ «ተከራዮች ቤቴን አላሸጥ አሉኝ» ብሎ ያማርራል። ያላሸጡት ግን እነሱ አይደሉም፤ ያላሸጠው ከእነሱ የተደበቀው ወሬ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ቤት ሲሸጥ የኪራይ ውሉ ይሞታል ወይስ ከቤቱ ጋር ይሻገራል? ጥያቄው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አከራክሯል። በሮማውያን ሕግ ተከራይ የነበረው መብት ከአከራዩ ጋር ብቻ የሚያስተሳስረው መብት ነበር። ቤቱን የገዛ ሰው ያንን ውል ስላልገባበት ተከራዩን ማስወጣት ይችላል። ለተከራዩ የሚቀርለት መንገድ የቀድሞ አከራዩን ከስሶ ካሣ መጠየቅ ብቻ ነው። አመክንዮው ንጹሕ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ተሸክሞ መንገድ ላይ ቆሞ የክስ ቀጠሮ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ፈረንሳዮች በ1804 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ገለበጡት፤ ቀኑ በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠ የኪራይ ውል ያለውን ተከራይ ገዥው ማባረር አይችልም አሉ። የጀርመኖቹ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። አገሪቱን ሁሉ የሚገዛ አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲያዘጋጁ በ1888 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ረቂቅ የሮማውያኑን መንገድ ተከትሎ ነበር። ታላቁ የሕግ ሊቅ ኦቶ ፎን ጊርከ ረቂቁን በብርቱ ተቹት፤ ሕጉ ለሀብታም እንጂ ለተራው ሕዝብ አልተጻፈም ከሚለው ወቀሳቸው አንዱ ማስረጃ ይኸው የተከራዮች ጉዳይ ነበር። ተቃውሞው በዛ፤ ረቂቁ ተቀየረ። ሕጉ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲውል ሽያጭ ኪራይን አያፈርስም የሚለው መርህ ጸደቀ። ቤቱን የገዛ ሰው በአከራዩ ጫማ ይቆማል፤ ኪራዩን የመቀበል መብቱንም፣ ቤቱን የመጠገን ግዴታውንም አብሮ ይረከባል። ዛሬም በጀርመን ሕግ አንቀጽ 566 ላይ ያለው ይኸው ነው። በርሊን ወይም ፍራንክፈርት ቤት ተከራይቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አከራዩ ሦስት ጊዜ ቢቀያየርበት ውሉ ያው ነው።

የእኛ አገር መንገድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ተተወለት። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ኪራይ ቤቶች የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተረከበ። በግለሰብና በግለሰብ መካከል የነበረው የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በአንድ ቀን አዋጅ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰው ያለበትን ቤት የመሸጥ ጥያቄ የሚነሳበት መንገድ አልነበረም፤ የሚከራየው ቤት የሚሸጥ አልነበረምና።

ይህ ክፍተት ዛሬ ላለው ችግር ብዙ ነገር ያስረዳል ብዬ አምናለሁ። የግል ኪራይ ሲመለስ ልማዱን የሚያስተላልፍ ትውልድ በመሃል ተቋርጦ ነበር። ሰው የተከራየው በቃል፣ በደላላ፣ በጎረቤት ምስክርነት ነው። ውል ቢጻፍ እንኳ ከወረቀት መደብር የተገዛ አንድ ገጽ ነበር፤ ያ ገጽ ስለ ሽያጭ ምንም አይልም። አከራይ «ቤቴን እፈልገዋለሁ» ካለ በአንድ ወር ወይም በሁለት ወር መውጣት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጠረ። በየዓመቱ ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ ሰፈር መቀየር፣ ልጅን ከመሃል ዓመት ከትምህርት ቤት ማውጣት፣ ዕድርንና ማኅበርን ጥሎ መሄድ የተከራይ ዕጣ ፈንታ ተደርጎ ታየ።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ልማድ ለመስበር የወጣ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። አብዛኛው ሰው ስለዚህ አዋጅ ሲያወራ የሚያነሳው የዋጋ ጭማሪ ገደቡን ነው። ለሻጭና ለገዥ ግን ከዚያ የሚበልጥ ድንጋጌ አለው፦ ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ውሉን በዚህ ምክንያት ለማቋረጥ ለተከራዩ የ6 ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ ተከራይ በዚያው ሳምንት አይወጣም።

ስድስት ወር በሽያጭ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ቀብዱን እንመልከት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ አንድ ሻጭ ቤቱን በ12 ሚሊዮን ብር ተስማምቶ 1 ሚሊዮን ብር ቀብድ ተቀበለ እንበል። ውሉ ላይ «በሁለት ወር ውስጥ ባዶ አድርጌ አስረክባለሁ» ብሎ ፈርሟል። ለተከራዩ ግን ገና አልነገረም። ቀብዱን ኪሱ ከትቶ ሲነግረው ተከራዩ የተመዘገበ ውሉን አውጥቶ «ስድስት ወር አለኝ» ይለዋል። ሻጩ አሁን በሁለት ሕጎች መካከል ተይዟል። ተከራዩን በኃይል ቢያስወጣ ጥፋተኛ ነው፤ ቃሉን ባይጠብቅ 2 ሚሊዮን ብር ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ያመጣበት ተከራዩ ወይም አዋጁ ሊመስለው ይችላል፤ ያመጣው ግን የአነጋገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ከተከራዩ ጋር ተነጋግሮ ቢሆን ኖሮ ወይ ማስረከቢያውን ወደ ሰባት ወር ይገፋዋል፣ ወይ ከተከራዩ ጋር በስምምነት የሚያሳጥርበትን ዋጋ አውቆ በሽያጩ ሒሳብ ውስጥ ያስገባዋል።

ገዥውም ከዚህ አያመልጥም። ቤት ገዥ ካርታ ያያል፤ ዕዳና እገዳ ያስጣራል፤ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል፤ ሁሉም ተገቢ ነው። ካርታው ላይ ግን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ስም የለም። የስድስት ወር ኪራይ ቀድማ መክፈሏን የሚገልጽ ማኅተም የትም አይገኝም። ወረዳው ዘንድ የተመዘገበ ውል መኖሩን መጠየቅ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ብዙ ውል ሳይመዘገብ ይኖራልና ግን አይበቃም። የሚበቃው በር አንኳኩቶ «ስንት ትከፍላላችሁ? እስከ መቼ ከፍላችኋል? ውላችሁ መቼ ያልቃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። ለገዥ የምመክረው ተከራዮችን ሳያነጋግር ቀብድ እንዳይሰጥ ነው። ሻጩ «እነሱን አታናግራቸው» ካለ ምክንያቱን ደጋግሞ ይጠይቅ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላ ውስብስብ አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክል ገደብ ስለነበረ ብዙ ቤት የተሸጠው በውክልና ነው። ወረቀቱ ላይ ባለቤቱ ዕጣ የወጣለት ሰው ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው ሌላ ነው፤ የሚያከራየው ደግሞ የዚህ የሌላው ወኪል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት በድጋሚ ሲሸጥ ተከራዩ አንድ ቀን ሦስት ስልክ ይደወልለታል፤ ሦስቱም «ኪራዩን ለእኔ አስገባ» ይላሉ። ለተከራይ ያለኝ ምክር ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጥብቅ ሊጠብቀው ይገባል። ውል የተዋዋለው ሰው አካውንት ውስጥ መክፈሉን ይቀጥል። የሚቀየረው ያ ሰው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በጽሑፍ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ለእገሌ ክፈል» ብሎ ሲያሳውቀውና አዲሱ ባለመብት ሰነዱን ሲያሳየው ነው። የባንክ ደረሰኙን አንድም ሳይጥል ያስቀምጥ። ክርክር ቢነሳ ከማንኛውም የጎረቤት ምስክር ይልቅ የሚያድነው እሱ ነው።

እስካሁን ያየነው ሕግ ለተከራዩ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ከዚህ አልፎ ለተከራዩ ቤቱን የመግዛት ተራ የሚሰጥ ሕግም አለ፤ የሚገኘውም ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርበት ከተማ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ነው። በዩ ስትሪትና በአዳምስ ሞርጋን አካባቢ አፓርታማ ተከራይቶ ሕይወቱን የጀመረ፣ ኋላም ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን የሚያከራይ ሰው ሕጉን ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል። ከተማዋ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው ሕግ በአጭር ስሙ ቶፓ ይባላል። ባለቤቱ የሚከራይ ሕንፃ ሊሸጥ ሲፈልግ መጀመሪያ ለተከራዮቹ በጽሑፍ እንዲያቀርብላቸው ያስገድዳል። እኔ በምዕራፉ መጀመሪያ እንደ ምክር ያቀረብኩትን እዚያ የሕግ ግዴታ አድርገውታል።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ለረጅም ዘመን በተሠራበት ሥርዓት፣ አምስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው ሕንፃ ሲሆን ተከራዮቹ በተናጠል አይገዙም፤ ማኅበር ማቋቋም አለባቸው። ማኅበራቸውን አቋቁመው ለመግዛት እንደሚፈልጉ ለማሳወቅ 45 ቀን፣ ከባለቤቱ ጋር ለመደራደር ቢያንስ 120 ቀን ይሰጣቸዋል። ከሁለት እስከ አራት መኖሪያ ላለው ቤት ተከራዮቹ በጋራ ለማሳወቅ 15 ቀን ነበራቸው፤ በጋራ ካልሆነላቸው እያንዳንዱ ለብቻው የሚያሳውቅበት ሌላ 7 ቀን ይጨመር ነበር፤ የድርድሩ ጊዜ 90 ቀን ነበር። ከሌላ ገዥ ጋር ውል ቢደረግ እንኳ ተከራዮቹ በዚያው ዋጋ እኛ እንገዛለን የሚሉበት 15 ቀን አላቸው። እነሱ መግዛት ካልቻሉ መብታቸውን ለሌላ ማስተላለፍ ይችላሉ። ብዙ ማኅበራት ያደረጉት ይህን ነው። መብቱን ለአንድ አልሚ ሰጥተው በምትኩ ሕንፃው እንዲታደስ፣ ኪራዩም እንዳይንር፣ ነባሮቹም እንዳይነሱ ተደራደሩ። አቅም ያልነበራቸው ሠራተኞች ገንዘብ ሳያወጡ የሕንፃቸውን ዕጣ የወሰኑበት መንገድ ነው፤ ቤት ያለውን ሰው ሳይዘርፍ የሌለውን ሰው ከጠረጴዛው ያስቀመጠ ሕግ ብዙ አላውቅም።

ግን መልካም ሕግም ያለ ልኩ ሲሠራ ሰው ይጎዳል። ይኸው መብት አንድ ቤተሰብ ለሚኖርበት ቤትም ይሠራ ነበር። አንዲት እናት ቤቷን ስትሸጥ ቤዝመንት ውስጥ ያለው ተከራይ መብቱን ለማያውቃት ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ነጋዴው የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው ቀኑን እያስቆጠረ ሽያጩን ያግዳል፤ መብቱን ለመተው ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ቤታቸውን ሸጠው ጡረታቸውን ሊያመቻቹ ያሰቡ ሰዎች በዚህ ተጉላልተዋል። የከተማዋ ምክር ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ቤተሰብ ቤቶችን ከሕጉ አወጣቸው፤ አስቀድሞ ይኖሩ ለነበሩ 62 ዓመት ለሞላቸውና አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ተከራዮች ግን የተወሰነ መብት አስቀረላቸው። ትክክለኛ ማስተካከያ ነበር ብዬ አምናለሁ። በሃምሳ አባወራ ሕንፃና በአንድ እናት ቤት መካከል ያለውን ልዩነት ሕግ ማየት አለበት። ከዚያ ወዲህም ሕጉ መሻሻሉን ስላላቆመ ዛሬ በዲሲ የሚሸጥም የሚገዛም ሰው የዕለቱን ደንብ ጠበቃ ይጠይቅ።

የመግዛት ዕድሉ ቀረ ማለት ግን ተከራዩ ባዶ እጁን ቀረ ማለት አይደለም። በዲሲ ቤቱ መሸጡም ሆነ የውሉ ዘመን ማለቁ ብቻውን ተከራይን ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ገዥው ራሱ ሊኖርበት ከሆነ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ያለዚያ ተከራዩ ኪራዩን እየከፈለ ይቆያል። አንዳንድ የአገራችን ሰዎች በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የሰሙትን ይዘው ዲሲ ውስጥ ይሳሳታሉ፤ የከተማዋን ድንበር መሻገር ሕግ መቀየር ነው። አሜሪካን ሁሉ የሚያዳርስ አንድ ነገር ግን አለ። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ ብዙ ቤት በባንክ ሲወረስ ኪራያቸውን በየወሩ የከፈሉ ሰዎች በአከራያቸው ዕዳ ከቤት ወጡ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ ባንክ የወረሰውን ቤት የገዛ ሰው የነባሩን ተከራይ ውል እንዲያከብር፣ ራሱ ሊኖርበት ከሆነ ወይም ውል ከሌለ ደግሞ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ አደረገ። ሕጉ ጊዜው አልፎበት ተቋርጦ ነበር፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቋሚ ሆነ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ሻጩ ለመሸጥ የወሰነ ዕለት ምን ያድርግ? ራሱ ይሂድ፤ ውጭ አገር ከሆነ ራሱ ይደውል። በወንድም አፍ የተነገረና በባለቤቱ አፍ የተነገረ አንድ አይደለም። የሚለው ነገር ረጅም መሆን የለበትም። «ልጄ፣ ቤቱን ለመሸጥ አስቤያለሁ። ለደላላ ገና አልነገርኩም፤ መጀመሪያ እናንተ እንድታውቁ ነው የመጣሁት። ውላችሁ እንዳለ ነው። መግዛት የምትችሉ ከሆነ ቅድሚያው የእናንተ ነው፤ ካልሆነም ሰው ሲመጣ ቀድሜ አሳውቃችኋለሁ።» ይህን የሰማ ተከራይ ደስ ላይለው ይችላል፤ ግን ከጀርባው የሚሸረብ ነገር እንደሌለ ያውቃል። «ጋሼ፣ ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ ብቻ ይታገሱን» ብሎ የሚጠይቀውም ያኔ ነው። ሰኔን መጠበቅ ለሻጩ አንዳች ላያሳጣው ይችላል፤ ለዚያ ቤተሰብ ግን ሙሉ የትምህርት ዓመት ነው። ቀጥሎ የተነገረውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጎ ሁለቱም መፈረም ነው፤ ማስጠንቀቂያው በሕግ የሚቆጠረው ከጽሑፉ ቀን ነውና በቃል መተማመን ሻጩንም ይጎዳዋል።

ተከራዩ ራሱ ገዥ ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስብም። ቤቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ። ብቻውን ባይችል ከወንድምና ከእህት፣ ከባንክ ብድር፣ ከዕቁብ ጋር አጣምሮ ሊሞክር ይችላል። ሻጩም የደላላ ኮሚሽን ይተርፍለታል፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚቆምበት ወር አይኖርም። እምቢ ቢባል እንኳ የጠፋው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ገዥዎች ቤቱን የሚያዩበትም ሥርዓት ይፈልጋል። ተከራዩ የከፈለበት ቤት በውሉ ዘመን መኖሪያው ነው፤ ደላላ በፈለገው ሰዓት የሚገባበት ትርዒት አይደለም። በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ሰዓታት፣ ከአንድ ቀን በፊት የስልክ ማስታወቂያ፣ መኝታ ክፍልን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ አለመለጠፍ፤ እነዚህ ሻጩ ራሱ ለደላላው የሚያዝዛቸው ናቸው። ተከራዩ በእነዚህ ሰዓታት ቤቱን አጽድቶ የሚያስገባ ከሆነ ለድካሙ የኪራይ ቅናሽ ማድረግ ተገቢ ነው፤ እኔ በደስታ የተቀበለ ተከራይ ቤቱን ከደላላው በላይ ሲያሻሽጥ አውቃለሁ። ተከራዩ ከስድስት ወሩ ቀድሞ እንዲወጣ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ዋጋ ይቅረብለት፦ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ለአዲሱ ቤት የሚከፍለው ቅድሚያ፣ በደላላ የሚወጣው ወጪ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ የሰጠውን ጊዜ ከእሱ ላይ መግዛት ነው። እምቢ የማለት መብቱም ሙሉ ነው።

ተከራዩን ይዞ መሸጥስ? ቤት ለኪራይ ገቢ የሚገዛ ሰው በሰዓቱ የሚከፍል ቤተሰብ ያለበትን ቤት ባዶ ከሆነው አስበልጦ ሊመርጥ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ወር ገቢ አለዋ። ሻጩ የተመዘገበውን ውልና የአንድ ዓመት የባንክ ክፍያ ማስረጃ አዘጋጅቶ ካቀረበ ገዥው በወሬ ሳይሆን በወረቀት ይወስናል። በተቃራኒው ኪራዩ ከአካባቢው በጣም ያነሰ ከሆነ ገዥው ያንን ከዋጋው ላይ ማንሳቱ አይቀርም፤ አዋጁ በአንድ ቀን እጥፍ እንዲያደርገው አይፈቅድለትምና። ሻጭ ይህን ደብቆ ከመሸጥ በግልጽ ተናግሮ ቢሸጥ ከክስ ይድናል።

የሚቀረው ሒሳብ ነው፤ ብዙ ጠብ የሚነሳውም እዚሁ ላይ ነው። የሽያጩ ውል ላይ ተከራዮቹ በስም፣ በክፍል፣ በወር ኪራይና እስከ መቼ እንደከፈሉ ተዘርዝረው ይጻፉ። ሻጩ ቀድሞ የተቀበለው ኪራይና ማስያዣ ካለ ወይ ለገዥው በጥሬው ይተላለፍ፣ ወይ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይቀነስ። በግቢያችን ያለችው ሴት የስድስት ወር ከፍላ ሁለት ወር ብቻ ኖራ ከሆነ የአራት ወር ገንዘቧ ሻጩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ገዥው ያንን ሳይረከብ ከገዛ ወይ አራት ወር ያለ ኪራይ ያኖራታል፣ ወይ ከእሷ ጋር ይጣላል። የርክክቡ ዕለት የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ ይመዝገብ፤ የቆየ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ይለይ። ስሙ ከዞረ በኋላ ሻጩና ገዥው አብረው የፈረሙበት አንድ ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ተከራይ ይሰጥ፤ አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ከየትኛው ወር ጀምሮ በየትኛው አካውንት እንደሚገባ፣ ማስያዣው ለማን እንደተላለፈ፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚደወለው ለማን እንደሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።